ሃያ ሦስተኛው ሳምንት

ከየሩሃም ዳር፣ ከፋብሪካው ሰፈር፣
ነፋስ ፌስታል ሲሰቅል ከአጥር ወደ አጥር፣
ጎማ ቤቴ በር ላይ አንዲት ፒክአፕ ቆመች፤
አምስት ጎማ ጭና ሱሊካ ወረደች።

«ፕሮስፐር ነው የገዛው፣ ለመንገድ እያለ፤
ሳይሄድ ሄደ እንጂ... እኔ ልሂድበት፣ ጎማው እንደሆነ አለ።»

ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ የፎስፌት ሹፌር ነበር፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከጉድጓድ እስከ ባቡር፣
ነጭ አፈር ሲያመላልስ፣ ያችኑ አርባ ኪሎ ሜትር።
ማታ እጁን ይታጠብና ካርታ ይዘረጋል፤
ከሃይፋ በመርከብ፣ በቱርክ፣ በጆርጂያ፣
በካዛክስታን ሜዳ፣ ካርታው ዝም እስኪል።

ሸራውን ገለጥኩት። ጥርሱ አልተነካ፤
ላስቲክ ፀጉሩ እንኳን አልረገፈም ለካ።
የበቅሎ ዕድሜ በጥርሷ ነው፣ አባቴ እንዳስተማረኝ፤
የጎማ ግን በጎኑ ነው፤ ይህን በረሃው ነገረኝ።
ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ አቧራውን ጠረግኩ፤
ከሞላላው ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አነበብኩ፦
ሃያ ሦስት፣ አሥራ አራት።
በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣
ሃያ ሦስተኛው ሳምንት፤
ከፋብሪካው እሳት በሰኔ የወጣበት።

ዓውዳ፣ የራህማው ልጅ፣ ረዳቴ፣ ከኋላዬ አጎንብሶ
አየና ዝም ብሎ ሄደ፣ መፍቻ ፍለጋ ተመልሶ፤
መርዶ ነጋሪነቱን ለኔ ትቶ።

ጎማውን ጫን አልኩት። በጥርስና በጥርስ መሐል
ቀጭን ስንጥቅ ተከፈተ፣ እንደ ደረቀ ኩሬ ወለል።
ለሌላ ደንበኛ ቀላል ነው፤ «አርጅቷል፣ ይጣል» ይባላል።
ለሷ ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ባልጩት ቆሟል።

«ሱሊካ፣ ጎማ ቆሞም ያረጃል።»
«እንዴት ተደርጎ! ፀሐይ ሳያየው፣ በጨርቅ ሸፍኖት፣
እንደ አልጋ ቁራኛ በየወሩ አገላብጦት፤
ኋላ እኔ እሱን እንዳገላበጥኩት።»
«አውቃለሁ። የሄደ ጥርሱን በየመንገዱ ይጥላል፤
ያልሄደ ከውስጡ ይሰነጠቃል።»
(ስለ ጎማ ነበር ያልኩት።)

መልስ አልሰጠችም። በጫማዋ ጫፍ መታችው፤
በፈረንሳይኛ ይሁን በሞሮኮ ዓረብኛ አንዲት ስድብ ሰደበችው፤
ጎማውን ይሁን ባሏን፣ አልጠየቅኩም።

«በል እንግዲህ፣ ምረጥልኝ።»

ይኼ ባለ ትልቅ ጥርስ፣ አየሽው፣ ለፎቶ ነው፤
አስፋልት ላይ ያጓራል፣ ነዳጅሽን ጠጪው እሱ ነው።
ያ ለስላሳው የቴል አቪቭ ነው፤ ድንጋይ ገና ሲያይ ይተነፍሳል።
ይኼኛውን ውሰጂ። መልክ የለውም፤
ጎኑ ግን ሦስት ድርብ ነው፣ ስለታም ጠጠር ቶሎ አይደፍረውም።
ቁጥሩም ተራ ቁጥር ነው። እሱ ነው ዋናው።
እዚያ፣ ስሙን በማናውቀው መንደር፣ መንገዱ ባለቀበት፣
እንደኔ እጁ የጠቆረ አንድ ጎሚስታ አለ፣ ቆርቆሮ ቤት፤
ስትመርጪ እሱን አስቢው፤
ከሱ ጓዳ የማይጠፋውን ውሰጂው።
አሸዋ ላይ ኩራት አይሠራም። ከሠላሳ ስድስት አውርጂው፤
አሥራ ስምንት ይበቃዋል፣ ሆዱን ዘርግቶ ይሂድ፤
ጠጠር ላይ ስትወጪ መልሰሽ ንፊው፣ ግሎ እንዳይነድ።

አምስት አዲስ ገጠምን፤ አራት እግር፣ አንድ ስኮርታ።
ከአሮጌዎቹ ግን አንዱን አቅፋ አልለቅም አለች፤
«ይኼን ጣራው ላይ እሰርልኝ።»
«ስኮርታ አይሆንሽም፣ አልኩሽ እኮ።»
«ስኮርታ ነው ማን አለህ? ተሳፋሪ ነው።»

አሰርኩት። ዓውዳ ገመዱን ሁለቴ ቋጠረ፤
ስለ ማሰሪያው ሂሳብ ማንም አልተናገረ።
በዲሞና መንገድ ታጠፈች፣ አቧራዋ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ማታ በሩን ቆልፌ የራሴን መኪና ጎን በባትሪ አየሁ።
ከቤት ጎማ ቤት፣ ከጎማ ቤት ቤት፤ ሌላው ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው።
ቁጥሩን አነበብኩት።
አልነግራችሁም።